ያልመጣው ማነው?

ሲስተር ዘይነባ ማረፋቸውን የሰማሁት ከተቀበሩ በአራተኛው ቀን ነው። የነገሩኝ ታናሽ ወንድማቸው ጋሽ ሙክታር ናቸው፤ ያውም በስልክ ሳይሆን ከየካ ተነሥተው እኔ እምኖርበት ካራ ድረስ መጥተው፣ የተከራየሁበትን ግቢ የቆርቆሮ በር በእጃቸው እየደበደቡ። ከጎናቸው የሲስተር የድሮ ጎረቤት እማማ ጥሩነሽ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ቆመዋል። ሁለቱም ሰባን ያለፉ ሰዎች ናቸው። መገናኛ ላይ ታክሲ ቀይረው፣ ከአስፋልቱ እስከ ቤቴ ያለውን ኮረኮንች በእግራቸው ወጥተው ነው የደረሱት።

"ዳዊት፣ ደህና ነህ ልጄ?" አሉኝ ጋሽ ሙክታር ትንፋሻቸውን እየሰበሰቡ።

"ደህና ነኝ ጋሼ። ምነው፣ በሰላም ነው?"

"እህቴ አረፈች። እሑድ ቀበርናት።"

ምን ብዬ እንደመለስኩ ትዝ አይለኝም። ትዝ የሚለኝ ማፈሬ ነው። በእኛ አገር ሐዘንተኛ ቤቱ ይቀመጣል፣ ሰው ይመጣለታል እንጂ ለቅሶ ያልደረሰ ሰው ቤት ድረስ ሄዶ አይጠይቅም። ይቀየማል፣ ሲብስም የዚያ ሰው ለቅሶ ሲመጣ ብድሩን ይመልሳል፤ ይቀራል። እነዚህ ሁለት ሰዎች ግን የሐዘን ፊታቸው ሳይፈታ እኔን ሊጠይቁ መጡ። መጀመሪያ ሊወቅሱኝ የመጡ መስሎኝ ነበር። ቢወቅሱኝም አይፈረድባቸውም፤ ሲስተር ታመው ሲተኙ ስምንት ወር ሙሉ ደጃቸውን አልረገጥኩም። ከእኔ ቤት እስከ እሳቸው ቤት መንገዱ ካልተዘጋጋ ግማሽ ሰዓት ቢፈጅ ነው። ሥራ በዝቶብኝም አልነበረም። እንዲያውም ሥራ አልነበረኝም፤ ከእሳቸው የደበቅኩትም ይህንኑ ነው።

እንግዶቼን ለጊዜው ሶፋው ላይ ላስቀምጣቸውና ሲስተር ዘይነባ ማን እንደነበሩ ልንገራችሁ። እሳቸውን ካላወቃችሁ ሁለቱ ሽማግሎች ያን ኮረኮንች ለምን እንደወጡ አይገባችሁም።

"ሲስተር" የሚለው መጠሪያ ኮተቤ አካባቢ በነበረ ክሊኒክ ነርስ ሆነው ሲጀምሩ የወጣላቸው ነው፤ እስከ መጨረሻው አልለቀቃቸውም። ከክሊኒኩ ስደተኞች ወደሰፈሩበት ድንበር ሄዱ፤ ከድንበሩም ባሕር ተሻገሩ። ከዚያ በኋላ ጦርነት ያበቃባቸውን አገሮች እየተከተሉ ሃያ ምናምን ዓመት ኖሩ። ሥራቸውን የእኛ መሥሪያ ቤት "ማኅበራዊ ልማትና መልሶ ማቋቋም" ይለዋል። እሳቸው ግን ሰው ሥራዎ ምንድን ነው ብሎ ሲጠይቃቸው "ሰዎች ተጣልተው ሲበቃቸው የምደርስ ነኝ" ነበር የሚሉት። በስተርጅና አገራቸው ገብተው፣ ጦርነት የፈታቸውን መንደሮች የሚያቋቁም የአንድ ድርጅት ቡድን ኃላፊ ሲሆኑ ነው እኔ እጃቸው ላይ የወደቅኩት።

አጭርና ደልደል ያሉ ነበሩ። ቀኝ ጉልበታቸው ያማቸዋል፤ ሆኖም አቀበት ሲያዩ ከሁላችንም ቀድመው ይጀምሩታል። ሁልጊዜ ሸራ ጫማ፣ ሁልጊዜ ትልቅ የወንድ ሰዓት። ሰው ሊያናግሩ ሲቀመጡ መነጽራቸውን አውልቀው ጭናቸው ላይ ያደርጉታል። እኔ መጀመሪያ ዓይናቸውን የሚያማቸው መስሎኝ ነበር። በኋላ ስጠይቃቸው "መነጽር አድርጌ ሳየው የምመረምረው ይመስለዋል። ሳወልቀው ግን ደህና አድርጌ እንደማላየው ያውቃል፣ ይናገራል" አሉኝ። እኔም መነጽር አደርጋለሁ፤ ግን ማውለቁን ለብዙ ዓመት አልተማርኩም።

ሌላው ደብተራቸው ነው። እኛ ላፕቶፕ ስንሸከም እሳቸው ከጀርባው የማባዣ ሠንጠረዥ የታተመበት የተማሪ ደብተር ይዘው ይዞሩ ነበር። በገባሁ በመጀመሪያው ሳምንት ቢሯቸው ጠሩኝ። በእንግሊዝኛ ሪፖርት አጻጻፌ የምኮራ፣ የሃያ ስድስት ዓመት ጎረምሳ ነበርኩ።

"ስብሰባ ስትመራ ምን ትመዘግባለህ?"

"አቴንዳንስ እይዛለኋ ሲስተር። ማን እንደመጣ፣ ስንት ሴት፣ ስንት ወንድ..."

"እሱንማ የመጣው ሰው ራሱ ይፈርምልሃል። ያልመጣውን አንተ ካልጻፍከው ማን ይጽፈዋል?" አሉና ደብተራቸውን ገልጠው አሳዩኝ። ገጹ ሁሉ የቀሪዎች ስም ነው። ከአንዳንዱ ስም ጎን እንደ አስተማሪ ራይት አድርገውበታል። ራይቱ "ቤቱ ሄጄ አግኝቼዋለሁ" ማለት ነው። በሄዱበት አገር ሁሉ፣ ከስብሰባ ሲወጡ የሚጠይቁት አንድ ጥያቄ ብቻ ነበር፤ ያልመጣው ማነው? "ያልመጣ ሰው ምክንያት አለው" ይሉ ነበር፣ "ሥራችን ያ ምክንያት ነው።"

ይህን ጠባይ ከየት እንዳመጡት አንድ ቀን መኪና ተበላሽቶብን መንገድ ዳር ቁጭ ብለን ሳለ አጫወቱኝ። ገና በጎልማሳነታቸው፣ ስሙን በማይጠሩት አንድ አገር፣ የተዋጉ ሁለት መንደሮች ታርቀው ውሃ ይቆፈርልን አሉ።

"እኔ ጎበዟ ሜትር አስይዤ መንገዱን አስለካሁ። ልክ እኩሌታው ላይ ቧንቧ አስተከልኩ። አንድ እርምጃ ወደዚህ የለ፣ አንድ እርምጃ ወደዚያ የለ። የሰላም ውሃ ብለን ሰሌዳ ሰቀልን፣ ፎቶ ተነሣን፣ እልል ተባለ። በወሩ ብመለስ ቧንቧው ሥር ሣር በቅሏል። አንድ ሰው አልቀዳበትም።"

"ለምን?"

"ልጆቹ የሞቱት እዚያ ነዋ! ከዚህም ከዚያም ሲመጡ የተገናኙት የት ይመስልሃል? እኩሌታው ላይ ነው። እናት ልጇ በወደቀበት ላይ እንስራ ታስቀምጣለች? ስብሰባው ላይ ይህን የነገረኝ አልነበረም። የሟቾቹ እናቶች አልመጡም ነበር፣ እኔም ለምን ቀሩ አላልኩም።"

ይህን ሲነግሩኝ ስቀው ነበር የጀመሩት፤ ሲጨርሱ ግን አልሳቁም። እኔ በልቤ "እንዲህ ያለ ስህተትማ እኔ አልሠራም" አልኩ። ዓመት ሳይሞላ ከዚያ የባሰውን ሠራሁ።

ጦርነት ያለፈበት አንድ ወረዳ ውስጥ ነው። ስሙ ይቅር፤ ዛሬም እዚያ የማፍርባቸው ሰዎች አሉ። ብዙ ቤት ጣሪያው ተቃጥሏል፣ ክረምት ሊገባ ጥቂት ሳምንት ቀርቶታል፣ እኛ ቆርቆሮ ይዘናል። የእኔ ሥራ ሕዝቡን ሰብስቦ ቆርቆሮ የሚሰጣቸውን ቤተሰቦች ዝርዝር ማጽደቅ ነበር። ከውጭ የሚመጡ የርዳታ ሰጪው እንግዶች ሐሙስ ይደርሳሉ ስለተባለ ዝርዝሩ ከሐሙስ በፊት ማለቅ አለበት። ሰኞ ትምህርት ቤቱ ግቢ ሰበሰብኳቸው። ሁሉ ነገር ያምር ነበር። ስብሰባው አልቆ ወረቀቴን ስሰበስብ አንድ ሽማግሌ ጠጋ ብለው "ከወንዙ ማዶ ያሉት ሰባቱ ቤቶች አልመጡም። እነሱ ይቅሩ፤ ባሎቻቸው ከማን ጋር እንደነበሩ የታወቀ ነው" አሉኝ።

ሰምቻለሁ። በደንብ ሰምቻለሁ። ግን ሐሙስን አሰብኩና ጆሮ ዳባ ልበስ አልኩ።

ማታውን ሲስተር ደወሉ። "እንዴት ነበር?"

"በጣም ጥሩ ነበር ሲስተር። ሕዝቡ በአንድ ድምፅ ነው ያጸደቀው።"

"ማን ቀረ?"

"ማንም አልቀረም።"

"አልሐምዱሊላህ" ብለው ዘጉት። የሪፖርቱንም ዓምድ "ሁሉም ተገኝተዋል" ብዬ ሞላሁት።

ማክሰኞ ረፋድ ላይ ሳይናገሩ መጡ። ከመኪና እንደወረዱ ቢሮ አልገቡም፤ ከትምህርት ቤቱ በላይ ያለውን ጉብታ በዚያ ጉልበታቸው ወጡ። መንደር ሲገቡ ሁልጊዜ መጀመሪያ ከፍታ ላይ ቆመው ጣሪያ ያያሉ። እኔ ከኋላቸው ነኝ።

"ከወንዙ ማዶ ሰባት ቤት አያለሁ። ጣሪያ የላቸውም። ዝርዝርህ ላይ ስንተኛ ቁጥር ናቸው?"

ዝርዝሩን አጥፌ ኪሴ ከተትኩት።

"የቸኮለች አፍሳ ለቀመች" አሉ፣ ወደ እኔ ሳይዞሩ። "በል እንልቀም። ደብተርህን መኪናው ውስጥ ተውና ተከተለኝ።"

ወንዙን ተሻግረን መጀመሪያ የደረስንበት የፋንታዬ ቤት ነበር። ሦስት ልጆች ያሏት፣ ባሏ የት እንዳለ የማይታወቅ ሴት ናት። የማዳበሪያ ጆንያ ከጆንያ ሰፍታ ግማሹን ቤት አልብሳዋለች። ምስር እየለቀመች ነበር፣ ስታየን ቀና አላለችም። ሲስተር መሬት ላይ ተቀመጡ፣ መነጽራቸውን አወለቁ፣ ሰፌዱን ወደ እሳቸውም ሳብ አድርገው ይለቅሙ ጀመር። እኔም ተቀመጥኩ። አንድ ሰዓት ሄደ። ለመናገር አፌን በከፈትኩ ቁጥር ሲስተር በክንዳቸው ጎሸም ያደርጉኛል። ፀሐይዋ አናታችን ላይ ስትደርስ ፋንታዬ ራሷ ተናገረች።

"አልተጠራንም። ብንጠራም አንሄድም ነበር። ዓይናቸውን እንፈራለን።"

"ልጆቹስ?" አሉ ሲስተር።

"ልጆቹማ ምን ያውቃሉ? ባለፈው ሲዘንብ ደስ ብሏቸው ነው የጨፈሩት።"

ስንመለስ ሲስተር ሰባቱን ስም በእስክሪብቶ ዝርዝሩ ላይ ጨምረው የሚጽፉ መሰለኝ። ሥልጣኑ ነበራቸው፣ እኔም ከሀፍረት እድን ነበር። እንዲያውም ራሴ ወረቀቱን አቀረብኩላቸው።

"እኔ ብጨምረው ቆርቆሮው ይሰጣቸዋል። በሳምንቱ ደግሞ ይነቀልባቸዋል" አሉኝ። "ጣሪያ በሚስማር ብቻ አይቆምም፣ ጎረቤት ሲስማማበት ነው የሚቆመው። ነገ ጠዋት እንደገና ትሰበስባቸዋለህ። ማንም አልቀረም ብለህ የጻፍከውን ተነሥተህ ትነግራቸዋለህ።"

"ሲስተር፣ ሰዎቹ ከእንግዲህ አያምኑኝም። እንግዶቹም ከነገ ወዲያ ናቸው። ከሥራዬ እባረራለሁ።"

"ትባረር ይሆናል" አሉኝ። "እነዚያ ልጆች ግን ክረምቱን የሚያሳልፉት ከጆንያ ሥር ነው። መዝነው።"

መዘንኩት፤ ሌሊቱን ሙሉ ስመዝነው አደርኩ። እውነቱን ለመናገር ሁለት ጊዜ ሻንጣዬን አስሬ ፈትቻለሁ። ጠዋት ግን ሄድኩ። ሕዝቡ ፊት ቆሜ "ሰኞ ማንም አልቀረም ብዬ ጽፌያለሁ። ውሸት ነው። ሰባት ቤት ቀርቷል፣ መቅረታቸውንም ነግረውኝ ነበር፣ ስለቸኮልኩ ዝም አልኩ" አልኳቸው።

ከዚያ እነዚያው ሽማግሌ በትራቸውን ተደግፈው ተነሡ።

"ልጁ ብቻውን አልዋሸም" አሉ። "ይቅሩ ያልኩት እኔ ነኝ። እናንተም ሰምታችሁ አጨብጭባችኋል።"

ብዙ ተባለ፣ ቁጣም ነበር። በመጨረሻ በጦርነቱ ልጃቸውን ያጡ አንዲት እናት ከሴቶቹ መሐል ተነሡ። "ቆርቆሮው ይሰጣቸው። ልጄን የገደሉት እነዚያ ሕፃናት አይደሉም። እኔ ግን ፊታቸውን አላይም። በዚህ አታስገድዱኝ" አሉ።

"አናስገድድዎትም እናቴ" አሏቸው ሲስተር። እኛ ባለ ፕሮጀክቶች እንዲህ ባለ ጊዜ "ተቃቀፉ" ማለት እንወዳለን፤ እሳቸው አላሉም። ማታ ደብተራቸውን ሳይ የእኚያን እናት ስም ጽፈው ከጎኑ "መጥተዋል፣ ግን ገና አልመጡም" ብለውበታል። ዓመቱን ሙሉ ያን ወረዳ በረገጡ ቁጥር መጀመሪያ የሚገቡት እኚያ እናት ቤት ነበር።

ሐሙስ እንግዶቹ ሲደርሱ የሚያዩት የተፈረመ ዝርዝር አልነበረም፤ አሮጌው ተቀዷል፣ አዲሱ ላይ ገና ክርክር አለ። የእንግዶቹ መሪ ፊቱን አጠቆረ። ሲስተር በዚያ ቀጥ ባለ እንግሊዝኛቸው ዝርዝሩ የተበላሸው በእሳቸው ስህተት መሆኑን፣ ሠራተኛቸውን በቀን ገደብ አስጨንቀው መላካቸውን ነገሩት። እኔ አጠገባቸው ቆሜ መሬት መሬቱን አያለሁ። ሰዎቹ ሲሄዱ ላመሰግናቸው ስጀምር እጃቸውን አወናጨፉ። "አመስግነኝ ማን አለህ? በሚቀጥለው ማን እንደቀረ ንገረኝ፣ ይበቃኛል።"

ክረምቱ ቀድሞን ከሰባቱ ሁለቱ ቤት በሸራ ነው የከረመው። የፋንታዬ ግን ተከድኖላት ነበር። ዛሬ ሰው ነኝ ብዬ አንገቴን ቀና የማደርግ ከሆነ ከዚያች ረቡዕ ጀምሮ ነው። ያን ጊዜ ጥፋቴን በእስክሪብቶ ሸፍነውልኝ ቢሆን ኖሮ ምን ዓይነት ሰው እሆን እንደነበር አውቀዋለሁ፤ ብዙ አይቻለሁና።

ጡረታ ሲወጡ የካ፣ የባሕር ዛፉ ቁልቁለት ሥር ያለው የአባታቸው ቤት ገቡ። ትዳር አልያዙም፤ "ቦርሳዬን ፈትቼ ሳልጨርስ ሌላ አገር ይጠሩኛል፣ ማን ያገባኛል?" ይሉ ነበር። የራጉኤል ክብረ በዓል ሲደርስ እማማ ጥሩነሽን በአሮጌ ቪትዛቸው እንጦጦ ያወጧቸዋል። እማማ ጥሩነሽ ቤተ ክርስቲያን ሲሳለሙ ሲስተር መኪናው ውስጥ ሙስባሃቸውን እየቆጠሩ ይጠብቃሉ። አንድ ዓመት እኔም አብሬ ሄጄ ነበር። ከተማውን ቁልቁል እያዩ "አየህ፣ ከዚህ ሆኖ ላየው የጎደለ ሰው ያለ አይመስልም" አሉኝ። "ከፍታው ጥሩ ነው፣ ግን እዚህ ቢሮ አትክፈት።" እማማ ጥሩነሽ ጠበል በፕላስቲክ ይዘው መጡና "ላንቺም ጉልበት አምጥቼልሻለሁ" ሲሏቸው፣ "ለጉልበቴስ ቪትዟ ናት ያለችኝ፣ ለእሷ እርጭላት" ብለው ሁላችንንም አሳቁን።

የሰፈሩን እድርም አልተዉትም። እድሩ እንደማንኛውም እድር ሦስት ጊዜ የቀረን ሰው ይቀጣል። ሲስተር ገና በገቡበት ዓመት ተነሥተው፣ ከመቅጣታችን በፊት አንድ ሰው ቤቱ ሄዶ ይየው አሉ። "ታዲያ አንቺ ሂጂያ!" ተባሉ። ሄዱ። ብዙ ጊዜ ተቀጥቶ ሊሰረዝ የነበረ አናጢ ዓይኑ እየጠፋ፣ በምሽት መውጣት ፈርቶ፣ ለሰው መናገርም አፍሮ ቤቱ ተቀምጦ አገኙት። ከዚያ ወዲህ እድሩ የቀን ስብሰባ ጀመረ።

ከቀሪዎቹ አንዷ ብቻ አልተገኘችላቸውም። ሸዋዬ የምትባል ልብስ ሰፊ፣ ቤት ቀይራ ካራ ከገባች በኋላ ድምፅዋ የጠፋ። "አንተ ካራ አይደለህ? አንድ ቀን ውሰደኝ እስቲ፣ ይህ ጉልበት መንዳትም እምቢ አለኝ" አሉኝ። "በሚቀጥለው ሳምንት" አልኳቸው። ያ ሳምንት አልደረሰም።

በመሐሉ የእኔ ነገር መጣ። ፕሮጀክታችን ተዘጋ፣ ሁላችንም በአንድ ቀን ደብዳቤ ተሰጠን። ባለቤቴ ልጃችንን ይዛ ለጊዜው እናቷ ዘንድ ሄደች፣ እኔ ካራ ብቻዬን ቀረሁ። ሲስተር ለስንት መሥሪያ ቤት "ዳዊት ልጄ ነው" ብለው የመሰከሩልኝ ሰው ነኝ። በየት ዓይኔ ልያቸው? ሲደውሉ "ፊልድ ላይ ነኝ ሲስተር" እላለሁ። አንድ ቀን ታክሲ ተራው አጠገብ ቆሜ ይህንኑ ስላቸው፣ ረዳቱ ጆሮዬ ሥር "መገናኛ! መገናኛ! የሞላ!" ብሎ ጮኸ። ደነገጥኩ። ሲስተር ግን "በል አላህ ይጠብቅህ። ከፊልድ ስትመለስ ና" አሉኝ። የመጨረሻ ንግግራችን ይኸው ሆነ። መታመማቸውን የሰማሁት ከዚያ በኋላ ነው፤ ነገ ዛሬ እያልኩ ስልኬንም ዘጋሁት።

እንግዲህ ወደ ሶፋው እንመለስ።

እማማ ጥሩነሽ ሳይፈቀድላቸው ማድ ቤቴን አይተው ተመልሰው ነበር። ከነጠላቸው ሥር በፌስታል የተጠቀለለ ዳቦ አውጥተው ጠረጴዛው ላይ አኖሩና "መጀመሪያ ቅመስ" አሉኝ። ሐዘንተኛ ለእኔ እህል ይዞ መምጣቱ ነው። አንዲት ቁራሽ ይዤ ቀረሁ።

"ጋሼ፣ ይቅር በሉኝ" አልኩ። "ቀብራቸው ላይ..."

"ለይቅርታ አይደለም የመጣነው" አሉ ጋሽ ሙክታር። "ታዘን ነው። ጠርታኝ እንዲህ ነው ያለችኝ፦ ጀናዛዬ ላይ ማን መጣ ብላችሁ አትቁጠሩ፣ የመጣው መጥቷል። ለቅሶው ቀዝቀዝ ሲል ያልመጣውን ሂዳችሁ እዩት። መጀመሪያ ዳዊት ጋ ሂዱ። ፊልድ ነኝ የሚለኝ ከካራ ሆኖ ነው። ሥራው ጠፍቶበታል፣ አፍሮኛል። እኔ መሄድ አቃተኝ እንጂ እሱን ማግኘት የእኔ ሥራ ነበር። ብላ አለቀሰች።"

"ያውቁ ነበር ማለት ነው?"

"እሷ ምን የማታውቀው ነገር ነበር?" አሉ እማማ ጥሩነሽ።

አለቀስኩ። በቀብር ላይ የማለቅሰውን ሁሉ እዚያች ሶፋ ላይ አለቀስኩት፤ ሁለቱ ሐዘንተኞች እኔን ይዘው ያባብላሉ። ከዚያም ለማንም ያልተናገርኩትን፣ ደብዳቤውን፣ ባለቤቴን፣ ጠዋት ጠዋት ተነሥቼ የምሄድበት ሳይኖረኝ ሸሚዜን የምተኩሰውን ሁሉ ነገርኳቸው። ጋሽ ሙክታር አንድም ጊዜ አላቋረጡኝም። ስጨርስ ከኮታቸው የውስጥ ኪስ ያንን ደብተር አወጡ። የመጨረሻው ገጽ ላይ፣ በተንቀጠቀጠ እጅ የተጻፈ ስሜ አለ። ጋሽ ሙክታር እስክሪብቶ ተበደሩኝና ከስሜ ጎን ራይት አደረጉ።

ከስሜ ሥር አንድ ስም ቀርቷል። "ሸዋዬ ልብስ ሰፊ፣ ካራ" ይላል፤ ጎኑ ባዶ ነው።

"ይኼኛውን የእኔ ጉልበት አይችለውም" አሉ ጋሽ ሙክታር። ደብተሩን ጠረጴዛው ላይ ከዳቦው አጠገብ ትተውልኝ ተነሡ።

በማግስቱ ጠዋት ሸሚዜን ተኩሼ ወጣሁ፣ የዚያን ቀን መሄጃ ነበረኝ። ከወፍጮ ቤቱ እስከ አትክልት መሸጫው ድረስ ስጠይቅ አረፈድኩና አንዲት የተማሪ ቦርሳ የያዘች ልጅ አሳየችኝ። ቤቱ ከእኔ ቤት አሥር ደቂቃ አይሞላም፤ ስንት ጊዜ በደጁ አልፌያለሁ። አንኳኳሁ።

"ማነው?" አለ ከውስጥ የደከመ ድምፅ።

"ዳዊት እባላለሁ፣ አያውቁኝም። ሲስተር ዘይነባ ልከውኝ ነው።"

ከዚያ መቀርቀሪያው ተነሣ። በሩን የከፈተችው ሴት ቀኝ እጇን በሻርፕ አስራ አንገቷ ላይ አንጠልጥላዋለች። ከኋላዋ የስፌት መኪናው ጨርቅ ተከናንቧል።

"ረስተውኛል ብዬ ነበር እኮ" አለችኝ።

መነጽሬን አወለቅኩና ገብቼ ተቀመጥኩ።